የአሌክ ጊነስ ፊቶች፤ ስለ ሁለገብ ተዋናይነት የቀረበ አስተያየት

ስለ አንድ ተዋናይ ስንነጋገር «ሁለገብ ነው» ብለን እናመሰግናለን። ቃሉ ከአፋችን በቶሎ ይወጣል፤ ምን ማለታችን እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አንመረምረውም። ዛሬ ሽማግሌ፤ ነገ ወታደር፤ ከነገ ወዲያ ቄስ ሆኖ የታየ ሁሉ ሁለገብ ነውን? ወይስ ልብስና ጢም ከመለዋወጥ ያለፈ ሌላ ነገር ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የእንግሊዛዊውን ተዋናይ የሰር አሌክ ጊነስን ሥራ መርጫለሁ። ጊነስ በመድረክም በሲኒማም ከሃምሳ ዓመት በላይ በብዙ ዐይነት ፊት የታየ ሰው ስለ ሆነ፤ ሁለገብነት ምን ለመሥራት እንደሚችልና ወዴት ሊያሳስት እንደሚችል በእርሱ ላይ አጥርቶ ማየት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሳቤን ከመጀመሪያው ልግለጽ። ብዙ ሰዎች ጊነስን የሚያደንቁት ፊቱን እየለዋወጠ ማንነቱ እስኪጠፋ ድረስ በመሰወሩ ነው። እኔ ግን ሥራዎቹን በተራ ስመለከት፤ ከፍ ብሎ ያገኘሁት ፊቱን እንደ ተፈጠረ ትቶ አካሄዱን፤ አመለካከቱንና ዝምታውን በለወጠባቸው ጊዜያት ነው። በፊት ቀለም በተመካ ጊዜ ደግሞ፤ ምንም እንኳ ጥበቡ ቢያስደንቅ፤ ሌላውን ሰው ከውጭ ብቻ እንዳየው ይታወቅበታል።

አሌክ ጊነስ የተወለደው በ1914 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ነው። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የአባቱ ስም ሊጻፍበት የሚገባው ስፍራ ባዶ ነበረ፤ ዐሥራ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስም በሦስት ልዩ ልዩ የቤተ ሰብ ስም ተጠርቷል። ከዚህ ተነሥቶ «ስም ያልነበረው ልጅ ብዙ ስም ያለው ተዋናይ ሆነ» ማለት ለጸሐፊ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አባታቸውን ሳያውቁ ያደጉ ልጆች ሁሉ ተዋንያን አይሆኑምና ከዚህ ብዙ ማስረጃ ለማውጣት አልፈልግም። ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ የንግድ ማስታወቂያ ጽሑፍ በሚያዘጋጅ ድርጅት ተቀጥሮ ጥቂት ጊዜ ሠራ፤ ከዚያም በአንድ የተዋንያን ትምህርት ቤት በነጻ የመማር ዕድል አገኘ።

በ1934 ዓ.ም. በመድረክ ላይ ሥራ ሲጀምር ያገኛቸው ክፍሎች ትንንሾች ነበሩ። በዚያው ዓመት በአንድ ድርሰት ውስጥ ብቻ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሆኖ ተጫወተ፤ ይኸውም ለብዙ ተዋንያን ገንዘብ መክፈል ለማይፈልግ የቴያትር ባለቤት የሚጠቅም ነገር ነበረ። በዓመቱ መጨረሻ ታላቁ ተዋናይ ጆን ጊልጉድ በሎንዶን ባዘጋጀው «ሐምሌት» ውስጥ የአሽቃባጩን ባለሟል የኦዝሪክን ክፍል ሰጠው። በ1938 ዓ.ም. ገና በሃያ አራት ዓመቱ ታይሮን ገትሪ በኦልድ ቪክ ቴያትር ቤት በዘመናዊ ልብስ ባዘጋጀው «ሐምሌት» ውስጥ ልዑሉን ራሱን ተጫወተ። በጦርነቱ ጊዜ በባሕር ኃይል አገልግሎ፤ በ1943 ዓ.ም. ወታደሮች ወደ ሲሲሊ ሲወርዱ የማውረጃ ጀልባ አዛዥ ነበረ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም በ1946 ዓ.ም. ሎረንስ ኦሊቪየ ንጉሥ ሊርን ሲጫወት ጊነስ የንጉሡን ቀልደኛ ሆኖ ከአጠገቡ ቆመ።

ይህ የመድረክ ልምምድ ምን አስተማረው? ትንሽ ክፍል የተሰጠው ተዋናይ ራሱን ለማስተዋወቅ ረዥም ንግግር የለውም። ገብቶ እስኪወጣ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ማን እንደ ሆነ በአቋሙ ማሳወቅ አለበት። ጊነስ አንድን ሰው ለመጫወት ሲዘጋጅ በመጀመሪያ የሚፈልገው የዚያን ሰው አካሄድ እንደ ነበረ ሥራውን የሚያውቁ ሁሉ ይናገራሉ። እግሩ ከተገኘ ቀሪው ይከተላል ማለት ነው። እኛም በዕለት ኑሯችን ወዳጃችንን ከሩቅ የምንለየው ፊቱ ከመታየቱ በፊት በአረማመዱ መሆኑን ብናስታውስ፤ ይህ ልማድ ከጥልቅ እውቀት የመጣ እንጂ የባለ ሙያ ተንኰል ብቻ አለመሆኑ ይገባናል።

ወደ ሲኒማ ያስገባውም የመድረክ ሥራው ነው። በ1939 ዓ.ም. የቻርልስ ዲክንስን «ታላላቅ ተስፋዎች» የተባለ ልብ ወለድ ራሱ ለመድረክ አሰናድቶት ነበር። ይህን ትርኢት ያየው ዴቪድ ሊን መጽሐፉን በ1946 ዓ.ም. ፊልም ሲያደርገው፤ ጊነስን በመድረክ በተጫወተው በዚያው በኸርበርት ፖኬት ክፍል አገባው። ሊን በ1948 ዓ.ም. «ኦሊቨር ትዊስት»ን ሲያዘጋጅ ጊነስ የሌቦቹን አለቃ የፌጊንን ክፍል ለመነ። ሊን ይህ ለስላሳ ወጣት ለሽማግሌው ሌባ ይሆናል ብሎ አላመነም ነበር፤ ጊነስ ግን ፊቱን ተቀብቶ፤ አፍንጫና ጢም ለጥፎ በፊቱ ሲቆም እሺ አለው።

የፌጊን ፊት እንደ ሙያ ሥራ ሲታይ ያስደንቃል። ሆኖም የተቀዳው በመጽሐፉ መጀመሪያ እትም ላይ ጆርጅ ክሩክሻንክ ከሣላቸው ሥዕሎች ነው፤ ሥዕሎቹም የአይሁድን መልክ ለማዋረድ በአውሮፓ ሲሣሉ ከኖሩት ጋር አንድ ዐይነት ነበሩ። ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ከተገደሉ ገና ብዙ ዓመት ሳያልፍ ይህን አፍንጫ በትልቅ ሸራ ላይ ማሳየት ምን ያህል ቍስል እንደሚነካ አዘጋጆቹ ያሰቡበት አይመስልም። በ1949 ዓ.ም. ፊልሙ በበርሊን ሲታይ ሁከት ተነሣ፤ በአሜሪካም እስከ 1951 ዓ.ም. ሳይታይ ቆይቶ፤ የታየውም ከፌጊን ክፍል ጥቂቱ ተቈርጦ ነው። አንዳንዶች «ተዋናዩ የታዘዘውን ሠራ» ይላሉ። ነገር ግን ክፍሉን የለመነው እርሱ ራሱ ነው። ጊነስ ክፉ አሳብ ነበረው አልልም። የምለው፤ ፊቱን ከሰው ሳይሆን ከሥዕል ስለ ቀዳ የሥዕሉን ስሕተት አብሮ ቀዳ ነው።

በሚከተለው ዓመት በ1949 ዓ.ም. ሮበርት ሄመር ያዘጋጀው «ካይንድ ሃርትስ ኤንድ ኮሮኔትስ» የተባለ አስቂኝ ፊልም ወጣ። አንድ የተናቀ የመሳፍንት ዘመድ ወደ ማዕርጉ ለመድረስ በመንገዱ ላይ ያሉትን የዳስኮይን ቤተ ሰዎች አንድ በአንድ ያጠፋል፤ ከነዚህም ስምንቱን ጊነስ ብቻውን ተጫወታቸው። በመጀመሪያ የቀረቡለት አራት ነበሩ፤ ስምንቱንም ልስጥ ያለው ራሱ ነው። ከነርሱ መካከል መስፍን፤ የባንክ ባለቤት፤ ቄስ፤ የጦር አለቃ፤ የባሕር ኃይል አለቃና አንዲት እመቤት ይገኛሉ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙዎቹ ባንድነት ተቀምጠው በሚታዩበት ስፍራ ካሜራው ከቦታው ሳይነቃነቅ፤ ያው ፊልም ወደ ኋላ እየተጠቀለለ ደጋግሞ እንዲነሣ ተደርጓል።

ብዙ ሰው የጊነስን ሁለገብነት በዚህ ፊልም ይመዝነዋል። እኔም ሳየው ስቄያለሁ። ነገር ግን ቀልዱ የት እንዳለ እንመልከት። ስምንቱ ሰዎች ፈጽሞ የተለያዩ ቢሆኑ ኖሮ ፊልሙ ይበላሽ ነበር፤ የሚያስቀው ሁሉም ያንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ነው። ሁሉም በዘራቸው የሚመኩ፤ ሁሉም ሌላውን ሰው የማያዩ ናቸው። ልዩነታቸውንም ከጢማቸው ይልቅ በአረማመዳቸው እናውቀዋለን፤ ሽማግሌው ቄስ ወለሉን እንደሚጠራጠር ሰው ይራመዳል፤ የባሕር አለቃው መርከቡ ሲሰጥም እንኳ ከቆመበት አይነቃነቅም። እንግዲህ በዚህ ፊልም ጭምብሉ የተሳካው ጊነስ ከልጅነቱ ጀምሮ አጠገባቸው ሆኖ ያያቸውን የገዛ አገሩን ትልልቅ ሰዎች ስለሚያላግጥበት ነው። የሚያውቀውን ሰው የሚያላግጥና የማያውቀውን የሚያላግጥ አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ ስለ ውድቀቱ መናገር ይገባል። በ1951 ዓ.ም. ጊነስ በሎንዶን «ሐምሌት»ን ራሱ ከሌላ ሰው ጋር አዘጋጅቶ ራሱ ተጫወተ። በመጀመሪያው ሌሊት መብራቶቹ ተዛቡ፤ ጋዜጦቹም ያለ ርኅራኄ ነቀፉት። የመብራቱን ነገር ብንተወው እንኳ የሚቀር ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ሐምሌት ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ ልቡን ለተመልካች ይከፍታል። ጊነስ ደግሞ የተመልካችን ዐይን የሚስበው አንድ ነገር እንደ ሸሸገ በማሳየት ነበር። ኦሊቪየ በድምፁና በኃይሉ አዳራሹን ሲይዝ፤ ጊልጉድ በግጥሙ ዜማ ሲይዝ፤ ጊነስ ግን በመሸሸግ ይይዝ ነበር፤ በመሸሸግም ሐምሌትን መጫወት አስቸጋሪ ነው። ይህም ሁለገብ የሚባለው ተዋናይ ሁሉ ድንበር እንዳለው ያሳያል። በ1953 ዓ.ም. በካናዳ በስትራትፎርድ በድንኳን ውስጥ የተጀመረውን የሼክስፒር በዓል በ«ሪቻርድ ሣልሳዊ» ሲከፍት፤ ሪቻርድ አሳቡን ከሁሉ የሚሸሽግ ሰው ስለ ሆነ ከጠባዩ ጋር የሚስማማ ክፍል ነበረው።

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ እመጣለሁ። በ1957 ዓ.ም. ዴቪድ ሊን «የክዋይ ወንዝ ድልድይ» የተባለውን ፊልም በሴሎን ሲያነሣ ጊነስ ኮሎኔል ኒኮልሰንን ተጫወተ። የተለጠፈ አፍንጫ የለም፤ የተቀባ ቀለም የለም። ኒኮልሰን በጃፓኖች የተማረከ የእንግሊዝ መኰንን ነው፤ መኰንኖቹ የጕልበት ሥራ እንዳይሠሩ ሕግ ጠቅሶ ስለ ተከራከረ ፀሐይ በሚያቃጥለው የብረት ሣጥን ውስጥ ይታሰራል። ከዚያ ወጥቶ ወደ ጃፓናዊው አዛዥ ቤት የሚሄድባት አጭር መንገድ ከዚህ ተዋናይ ሥራዎች ሁሉ የምትበልጥብኝ ናት። ጕልበቱ ይከዳዋል፤ እግሩ ይጠላለፋል፤ አንገቱ ግን አይጐነበስም። ጊነስ ይህን አካሄድ በከፊል የወሰደው በፖሊዮ ታሞ ከነበረው ከትንሽ ልጁ እንደ ሆነ ተናግሯል። ይህን ነገር ካወቅሁ ወዲህ ያችን መንገድ ያለ ሐዘን ልመለከታት አልቻልሁም። አባት የልጁን መውደቅና መነሣት ዕለት ዕለት አይቶ፤ ያየውን በአንድ ግትር ወታደር እግር ላይ አኖረው። የፌጊን አፍንጫ ከመጽሐፍ ሥዕል መጣ፤ የኒኮልሰን እግር ከቤቱ መጣ። ልዩነቱ ይህ ነው።

በዚያው ፊልም መጨረሻ ላይ ኒኮልሰን ለጠላት የሠራውን ድልድይ ወዳጆቹ እንዳያፈርሱት ሲከላከል ቆይቶ፤ ያደረገው ምን እንደ ሆነ በድንገት ይገባዋል። ጊነስ ይህን ለማሳየት ፊቱን አያጨማድድም። ዐይኑ ብቻ ባዶ ይሆናል። ለዚህ ሥራው የኦስካር ሽልማት ተሰጠው፤ በ1959 ዓ.ም.ም «ሰር» የሚለውን ማዕርግ ተቀበለ።

ይሁን እንጂ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። በ1960 ዓ.ም. በቴሬንስ ራቲጋን «ሮስ» በተባለው ድርሰት እንግሊዛዊውን ቲ. ኢ. ሎረንስን በመድረክ ተጫውቶ ነበር፤ በ1962 ዓ.ም. በሊን «የዐረቡ ሎረንስ» ፊልም ደግሞ የዐረቡን ልዑል ፈይሰልን ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያንኑ ታሪክ ከሁለት ወገን መጫወቱ እንደ ብርቅ ይነገርለታል። ፈይሰል ጠቢብና ትሑት ሆኖ ቀርቧል፤ ጊነስም በእርጋታው አክብሮታል። በ1984 ዓ.ም. ግን በሊን «ጉዞ ወደ ሕንድ» ውስጥ ሂንዱውን ሊቅ ጐድቦሌን ሲጫወት፤ አጠገቡ እንደ ቪክቶር ባነርጂና እንደ ሳኢድ ጃፍሪ ያሉ ሕንዳውያን ተዋንያን በራሳቸው ፊት ቆመው ነበር። እነርሱ ሲናገሩ ሰዎችን እናያለን፤ እርሱ ሲናገር ግን አንድ እንግሊዛዊ የሚያስበውን ሕንዳዊ እናያለን። የተቀባው ቀለም ካልተቀባው ፊት አጠገብ ሲቆም ራሱን አጋለጠ።

ይህን የምለው ከራሴ ጋር የተያያዘ ትዝታ ስላለኝም ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በልደት በዓል ስለ ሰብአ ሰገል አጭር ትርኢት እናደርግ ነበር። አስተማሪያችን ከውጭ አገር ባስመጡት ሥዕል ላይ ከሦስቱ ነገሥታት አንዱ ጥቁር ነበረ፤ ያም የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ተባለና ክፍሉ ለእኔ ተሰጠ። መልኬ ግን ከሥዕሉ ጋር አልተመሳሰለም። ስለዚህ ከሰል ተፈጭቶ ፊቴ ተቀባ። ገና መድረኩ ላይ ስወጣ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ምነው ልጄ፤ ምድጃ ላይ ወደቅህን?» አሉኝ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም ያጠናሁትን ረሳሁ። አስተማሪያችን ቅን ሰው ነበሩ፤ ማንንም ለማዋረድ አላሰቡም። ነገር ግን ኢትዮጵያዊው ልጅ ኢትዮጵያዊ ለመምሰል ከሰል ያስፈለገው፤ ሥዕሉ ከልጁ ይልቅ ስለ ታመነ ነው። ጐድቦሌን ባየሁ ጊዜ ያ ከሰል ፊቴ ላይ ያለ መሰለኝ።

አንድ ተከራካሪ «ታዲያ እያንዳንዱ ተዋናይ የገዛ ወገኑን ብቻ ይጫወት ትላለህን? እንዲህ ከሆነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሳቸውን ‹ኦቴሎ›ንና ‹ሐምሌት›ን የእኛ ተዋንያን እንዴት ይጫወቷቸዋል?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ድንበር ይሠራ አላልሁም፤ የሌላውን ሰው ነፍስ መሻት የተዋናይ ሥራው ነው። ነገር ግን ሐምሌት በአማርኛ ሲናገር ተመልካቹ «ለምን ፊቱ በዱቄት አልነጣም?» ብሎ አይጠይቅም። ልጁ በአባቱ ሞት ማዘኑን፤ በእናቱ መከፋቱን፤ ለበቀል መዘግየቱን ብቻ ይከተላል። ይህም ቀለም ሳይኖር ወደ ሩቅ አገር ሰው መድረስ እንደሚቻል ምስክር ነው።

ጊነስ ራሱም ይህን በመጨረሻ ያረጋገጠ ይመስለኛል። በ1977 ዓ.ም. በወጣው «ስታር ዎርስ» የተነሣ በዓለም ሁሉ ያሉ ልጆች አወቁት፤ ከትርፉም ድርሻ ስለ ነበረው ሀብት አገኘ፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት ሥራ በዚያ አንድ ካባ መሸፈኑ ያሳዝነው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1979 ዓ.ም. የእንግሊዝ ራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት የጆን ለ ካሬን «ቲንከር፤ ቴይለር፤ ሶልጀር፤ ስፓይ» በሰባት ክፍል ሲያሳይ የስለላ ሠራተኛውን ጆርጅ ስማይሊን ተጫወተ። ከመጀመሩ በፊት በእውነት እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ለማየት ፈለገ፤ ደራሲውም የስለላው መሥሪያ ቤት አለቃ ከነበሩት ከሰር ሞሪስ ኦልድፊልድ ጋር ምሳ አበላው። ጊነስም በማዕዱ ላይ የሰውዬውን ሁኔታ ሲከታተል እንደ ነበረ ለ ካሬ ተናግሯል።

ስማይሊ ምን ዐይነት ፊት አለው? መነጽር ብቻ። ያዳምጣል፤ መነጽሩን ያወልቃል፤ ይጠርጋል፤ መልሶ ያደርጋል። ሚስቱ የከዳችው፤ ወዳጁ የከዳው፤ መሥሪያ ቤቱ ያባረረው ሰው ነው፤ ስለ ሕመሙ ግን እምብዛም አይናገርም። እኛ ከፊቱ ላይ ለማንበብ ወደ ሸራው እንጠጋለን። ሐምሌትን ለመጫወት እንቅፋት የሆነበት የመሸሸግ ጠባይ እዚህ ላይ ታላቅ ሀብቱ ሆነ። ወጣት ሳለ በስምንት ፊት ያሳቀን ሰው፤ በስድሳ አምስት ዓመቱ ባንድ ፊት ብዙ ሰዓት አስቀመጠን። ጊነስ በ2000 ዓ.ም. በሞት ሲለይ ብዙ ሥራ ትቶ ነበር፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚቀሩት ያ የብረት ሣጥን በር ተከፍቶ የሄደባት መንገድና ያ መነጽር ናቸው።

እንግዲህ ሁለገብነት ምንድን ነው ብለን ወደ ጀመርንበት ጥያቄ እንመለስ። ከጊነስ ሥራ የምረዳው፤ ሁለገብነት በተቀየረው ፊት ብዛት እንደማይቈጠር ነው። የሚቈጠረው ተዋናዩ ተቀምጦ አጥርቶ ባያቸው ሰዎች ብዛት ነው። ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በኮሌጃችን መድረክ ሽማግሌ እንድንጫወት ሲታዘዝ ጥጥ ፍለጋ እንሮጣለን፤ ባላገር እንድንጫወት ሲታዘዝ ድምፃችንን እናጐላድፋለን፤ አዳራሹም ይስቃል። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ አባቱ ባላገር የሆነ ተማሪ ምን እንደሚሰማው የሚጠይቅ የለም። ጥጡን ከመለጠፋችን በፊት አንድ ቀን ወደ ገበያ ወጥተን፤ አንድ ሽማግሌ ከአህያቸው ኋላ እንዴት እንደሚራመዱ ብንመለከት፤ ምናልባት ጥጡ ሳያስፈልገን ይቀራል። አሳቤ ስሕተት ያለበት የመሰለው ወዳጅ ቢኖር፤ በሚመጣው እትም መልስ ቢጽፍ በደስታ አነበዋለሁ።